ከአንጎል ነው ወይስ ከአንገት?

ማታ ማታ አሞራ ገደል ሐይቅ ዳር ቆማችሁ የሚሄድ ጀልባ በስልክ ብታነሱ ምስሉ ይደበዝዛል። ጀልባው ግን ደብዛዛ አይደለም፤ ስለተንቀሳቀሰ ነው። ስለ ኦቲዝም የሚወጡትን ባለቀለም የአንጎል ምስሎች ስታዩ ይህችን ነገር አትርሷት።

ኤፍ ኤም አር አይ የሚባለው ዘዴ ሐሳብን አያነሳም። አንድ የአንጎል ክፍል ሲሠራ ብዙ ደም ይሄድለታል፤ መሣሪያው የሚከታተለው በዚህ ደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ለውጥ ነው። ሁለት ክፍሎች አብረው ከፍ ዝቅ ካሉ «ተገናኝተዋል» ይባላል። በ2004 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ማርሴል ጀስትና ባልደረቦቹ ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች አንጎል ውስጥ ይህ ግንኙነት ደካማ ነው አሉ። ቆይቶም «የሩቁ ይላላል፣ የቅርቡ ይጠብቃል» የሚለው አባባል ተስፋፋ።

በ2012 ግን ጆናታን ፓወርና ባልደረቦቹ ጉድ አወጡ። ከሚሊሜትር ያነሰ የጭንቅላት እንቅስቃሴ እንኳ የቅርቡን ግንኙነት አጥብቆ፣ የሩቁን አላልቶ ያሳያል! ቁርጥ ያንኑ የኦቲዝም «ግኝት» መምሰሉ ነው። መሣሪያው ውስጥ ዝም ብሎ መተኛት ደግሞ ለብዙ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ከባድ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከአንጎል ነው ወይስ ከአንገት?

እንዲህ ሲባል ግን ምርምሩ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በ2017 ሄዘር ሃዝሌትና ባልደረቦቿ ታላቅ ወንድም ወይም እህታቸው ኦቲዝም ያለባቸውን ሕፃናት እንቅልፍ ላይ እያሉ አነሷቸው። በኋላ ኦቲዝም በታየባቸው ላይ የአንጎል ቅርፊት ስፋት ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ፈጥኖ አድጎ ነበር።

የእኔ ዋና ትችት ሌላ ነው። ስህተቱን ለማረም የተነቃነቀው ሰው መረጃ ይጣላል። የሚጣለው ታዲያ የማን ነው? ጩኸቱን የማይችለው፣ «አትነቃነቅ» ሲባል የማይገባው ልጅ ነው። በ2012 ይፋ የሆነው አባይድ የተባለው የጋራ ስብስብ የ1,112 ሰዎች ምስል አለው፤ 539ኙ ኦቲዝም ያለባቸው ናቸው። ምስሎቹ የተነሱት አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ነው። ዘሚ የኑስ በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት የተቀበለቻቸው ዓይነት፣ መናገር የሚቸግራቸው ልጆች በእነዚህ ምስሎች ውስጥ ቦታቸው ጠባብ ነው።

ዛሬም ኦቲዝም የሚለየው የልጁን ሁኔታ በማየትና ቤተሰቡን በመጠየቅ ነው። ለአንዲት እናት «ኤም አር አይ ይነሳና ይታወቃል» ማለት ገንዘቧንም ተስፋዋንም ማባከን ነው። እናንተም ቀጣዩን ባለቀለም ምስል ስታዩ፣ ከቀለሙ በፊት ማን ሳይካተት እንደቀረ ጠይቁ።