ከ«ስንት?» በፊት «የማን?»

በ1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የምትባል መርከብ አላስካ ውስጥ ከባሕር ዓለት ጋር ተጋጭታ 11 ሚሊዮን ጋሎን ያህል ድፍድፍ ነዳጅ አፈሰሰች። የአላስካ መንግሥት ያሠራው ጥናት የአሜሪካ ቤተሰቦችን «እንዲህ ያለ አደጋ ዳግመኛ እንዳይደርስ ይህን ያህል ትከፍላላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። መካከለኛው ግምት ለአንድ ቤተሰብ 31 ዶላር ገደማ ሆነ፤ በቤተሰቦቹ ብዛት ሲባዛ 2.8 ቢሊዮን ዶላር።

ዘዴውን ንቄ አይደለም የምተቸው። ዋጋ ያልወጣለት ባሕር ፍርድ ቤት ሲቀርብ እንደ ዜሮ ሊቆጠር ይችላል እኮ። ቅሬታዬ በጥያቄው ላይ ነው። «እንዳይጠፋ ስንት ትከፍላለህ?» እና «ቢጠፋብህ በስንት ካሳ ትስማማለህ?» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በኪስህ ልክ ነው፤ ሁለተኛው ባለመብትነትህን ይቀበላል። በ1993 ኬኔት አሮውና ሮበርት ሶሎው የመሩት የባለሙያዎች ቡድን የመጀመሪያውን መረጠ፤ ግምቱ ዝቅ ያለና ጥንቃቄ የተሞላበት ነው ብሎ። እሺ፣ ጥንቃቄው ለማን? ዓሣ አጥምዶ የሚኖር የአላስካ ሰው ባሕሩን ለማዳን ራሱ መክፈል አለበት እንዴ?

ነገሩ እዚህ እስራኤል እኛንም ይነካል። ነገ ስለ ሰፈራችን መናፈሻ እንዲህ ያለ መጠይቅ ቢመጣ፣ እናቶቻችን የሚሉት ቁጥር ትንሽ ሊሆን ይችላል። «የራሴን ለምን እከፍልበታለሁ?» ያለችዋ ደግሞ «የተቃውሞ መልስ» ተብላ ከስሌቱ ልትወጣ ትችላለች። ኪሷ ባዶ ነው ማለት ግን ዛፉን አትወድም ማለት አይደለም። እንግዲህ መጠይቅ የምታዘጋጁም የምትሞሉም፣ መጀመሪያ «የማን ነው?» በሉ።