የተተወው ቤትና የተሠራው ቤት
ገድለ ወለተ ጴጥሮስን እንደገና ማንበብ

ልጆቿን አሳድጋ፣ ኩላና ድራ፣ ባሏን ቀብራ በስተርጅና ቆብ የደፋችን እናት «እማሆይ» ብሎ የማያከብር የለም። ነገሩ የሚከብደው የመነነችው ወጣት ስትሆን ነው። ያን ጊዜ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ሽማግሌ ይላካል፤ «ምን ደርሶባት ነው?» ይባላል። ምንኩስና የዕድሜ መደምደሚያ ሲሆን ይመሰገናል፤ የሕይወት ምርጫ ሲሆን ግን ምክንያት ይጠየቅበታል።

በጁባ በንግድ፣ በሆቴልና በምግብ ቤት ሥራ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያት ይህን ጥያቄ በሌላ መልኩ ያውቁታል። ከአገር ቤት ስልክ ሲደወል ከጤና ቀጥሎ የሚነሣው «መቼ ነው የምታገቢው?» የሚለው ነው። ለእነርሱ በ17ኛው ምዕተ ዓመት በግእዝ የተጻፈው ገድለ ወለተ ጴጥሮስ የሩቅ መጽሐፍ አይደለም።

ገድሉን መነኩሴው ገላውዴዎስ በ1672 ጻፈው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ቅድስቲቱ ካረፈች 30 ዓመት አልፎ ስለ ነበር፣ ታሪኩን ያሰባሰበው ከሚያውቋት የማኅበሯ ሰዎች አፍ ነው። ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ከባላባት ወገን ተወለደች፤ የዐፄ ሱስንዮስ ሹም ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስም ተዳረች። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱ። ከዚህ በኋላ ለመመንኮስ ቆረጠች። መጀመሪያ ጠፍታ በሄደች ጊዜ ባሏ እርሷን ለማስመለስ የተጠጋችበትን ከተማ አጠፋ። ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በተገደሉበት ጉዳይ እጁ እንዳለበት ስታውቅ ግን በ1617፣ በ25 ዓመቷ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ተለየችው።

መጽሐፉ እስካሁን ሁለት ዓይነት አንባቢ አግኝቷል። አንደኛው የሃይማኖት ጀግንነትን ያነባል፤ ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ሲቀበል አልታዘዝም ያለችውን፣ በፓትርያርኩ በአልፎንሶ ሜንዴዝ ተግሣጽ ያልተበገረችውን፣ ወደ ሱዳን ወሰን በሚያዘነብለው የምዕራብ ቆላ፣ በዠበይ፣ ለሦስት ዓመት የተጋዘችውን ሴት ያያል። ሁለተኛው፣ በተለይ ዌንዲ ቤልቸርና ሚካኤል ክላይነር በ2015 ካሳተሙት የእንግሊዝኛ ትርጉም ወዲህ የበዛው፣ ከጋብቻ ቀንበር ራሷን ነፃ ያወጣችን ሴት ያደንቃል። ሁለቱም ንባብ ከመጽሐፉ ውስጥ ማስረጃ አለው። ነገር ግን ሁለቱም ዓይናቸው የሚያርፈው በትታው በወጣችው ቤት ላይ ነው። መጽሐፉ ግን አብዛኛውን ገጽ የሰጠው ከዚያ በኋላ ለሠራችው ቤት ነው።

ያ ቤት በጣና ዙሪያ እየሰፋ የሄደ ማኅበር ነበር፤ የመጀመሪያው ጉባኤ የተተከለውም በዚያው በግዞቱ ቆላ ነው። የባላባት ልጅ እንደ ገረድ እህል ፈጨች፤ ውኃ ቀዳች። ወንዶችም ሴቶችም የገቡበትን ማኅበር ክህነት ሳይኖራት መራች፤ ሥርዐት አወጣችለት፤ ወረርሽኝ ሲገባ ሰዎቿን ይዛ ቦታ ቀየረች። እንደ እርሷ ባሏን ትታ ከመጣችው ከእኅተ ክርስቶስ ጋር እስከ ዕለተ ሞቷ አልተለያዩም፤ በ1642 ስታርፍም ማኅበሩን የተረከበችው ይህችው ጓደኛዋ ናት። እናትነት፣ ማዕድ፣ የታመመን ማስታመም፣ አልጋ ወራሽ መሰየም፦ ይህ ሁሉ የቤተሰብ ወግ ነው። ወለተ ጴጥሮስ የናቀችው ቤተሰብን አልነበረም፤ ቤቷ የማን እንደሚሆን ሌላ ሰው እንዲወስንላት አለመፍቀዷ ነበር።

ይህ ማለት ግን ምርጫዋ ዋጋ አላስከፈለም ማለት አይደለም። እዚህ ላይ አንባቢ ከገድሉ ጋር መሟገት ይኖርበታል። ገላውዴዎስ እንደሚተርከው በየእርግዝናዋ ጊዜ ሕፃኑ እግዚአብሔርን የማያስደስት ከሆነ ቶሎ እንዲሞት ትጸልይ ነበር፤ የሦስቱን ሞትም ጸሎቷ እንደ መሰማቱ ይቆጥረዋል። ሦስት ልጅ የቀበረች እናት ኀዘን በዚህ አተራረክ ውስጥ የምልክት ያህል ብቻ ይቀራል። ስለ ጠፋው ከተማ ሰዎችም ማንም አይጠየቅም። ገድል የቅዱሳንን ክብር ለመመስከር የሚጻፍ እንጂ የሁለት ወገን ክስ የሚሰማበት ችሎት አይደለምና በዚህ ደራሲው አይወቀስም። የሚወቀሰው፣ እነዚህን ገጾች ዘልሎ ምናኔን ያለ ሕመም የሚያወድስ አንባቢ ነው።

በጁባ የአንዲት መነኩሲት ስም በየዕለቱ የሚሰማው በሬዲዮ ነው። በ2006 የተመሠረተው የካቶሊክ ጣቢያ የተሰየመው በቅድስት ጆሴፊን ባኪታ ነው። ባኪታ በዳርፉር ተወልዳ በልጅነቷ በባሪያ ፈንጋዮች ተነጠቀች፤ ወላጆቿ ያወጡላትን ስም እስክትረሳ ድረስ ተንገላታች። ጣልያን ከደረሰች በኋላ አሳዳሪዋ ወደ ሱዳን ልትመልሳት ስትል «አልሄድም» አለች፤ በ1889 ፍርድ ቤት ባሪያ አለመሆኗን አወጀ፤ በ1896 በካኖሳ እኅቶች ማኅበር ቃል ኪዳኗን ፈጸመች። ሁለቱ ሴቶች በእምነት ወገንም በኑሮ ደረጃም የማይገናኙ ናቸው። አንዷ ብዙ ነበራትና ተወች፤ ሌላዋ ትተወው ዘንድ ቤተሰብ እንኳ አልተረፈላትም። ሆኖም በሁለቱም ታሪክ ምናኔ የሚጀምረው ሴቲቱ በራሷ ቃል «አልሄድም» ወይም «አልመለስም» ባለችበት ሰዓት ነው። ለባኪታማ የገዳሙ ደጅ ከቤት መውጫ ሳይሆን ቤት መግቢያ ነበር።

የገድለ ወለተ ጴጥሮስ ትልቅነት እንግዲህ ሴት ሁሉ ትመንን ብሎ ስለሚሰብክ አይደለም። አንዲት ሴት ትዳርን እንቢ ስትል «ምን ደርሶባት ነው?» ከማለት በፊት «ምን ልትሠራ ነው?» ብሎ መጠየቅን ስለሚያስተምር ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ጉድለትን ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ሰውን ያያል። ከአገር ቤት ለሚደውል ዘመድም፣ ስልኩን ለምታነሣው ልጅም፣ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።