ከቃሊቲ እስከ መስቀል አደባባይ፤ ክፉ ዘመንን ለተማሪ ስለ ማሳየት

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ተረት በአንድ ሰውና በባላጋራው መካከል ላለው ነገር ይበቃል። ወጊውም ተወጊውም የአንድ ሰፈር ልጆች በሆኑ ጊዜ ግን የሚረሳውንና የሚያስታውሰውን ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ ዳር በ2002 ዓ. ም. የተከፈተው የ«ቀይ ሽብር» ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይህንኑ ችግር የተሸከመ ቤት ነው። ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ያለፈውን ክፉ ዘመን እንዲያዩ ወደዚያ ስለሚወስዱ፥ ቤቱ የሚያስተምረውንና የሚተወውን መመርመር ተገቢ ነው። ጉዞው ከአቃቂ ቃሊቲ በሚነሣበት ጊዜ የሚተወው ነገር ይበልጥ ይገለጣል።

በሙዚየሙ ግድግዳ ላይ የሟቾች ፎቶግራፍ ተደርድሯል፤ ከጅምላ መቃብር የወጣው አጽምና ልብስ በመስተዋት ውስጥ ተቀምጧል፤ እስረኛ ይሠቃይበት የነበረው መንገድም ይታያል። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በ1969 ዓ. ም. ደም መሳይ ፈሳሽ የሞላበትን ጠርሙስ እየወረወሩ የሰበሩበት አደባባይ ከበሩ ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ ተማሪው ነገሩን በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በስፍራው ቆሞ ይረዳዋል።

የቤቱ ትልቁ ብርታት ግን ከአገሩ ባህል የመነጨ ነው። በዚያን ዘመን የልጁን ሬሳ ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ እንዲከፍል የተገደደ ቤተ ሰብ ነበር፤ አልቅሶ መቅበርም ክልክል ነበር። ድንኳን አልተተከለም፥ ሙሾ አልወረደም፥ ተዝካር አልወጣም። እንግዲህ ፎቶግራፍ በተርታ የተሰቀለበት፥ ጎብኚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያልፍበት ይህ ቤት ከ30 ዓመት በኋላ የተቀመጠ ልቅሶ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ሆኖም ልቅሶ ቤት ችሎት አይደለም። ለቀስተኛ የሟቹን ደግነት ያነሣል እንጂ ማን እንደ ጠቆመበት አይጠይቅም። በ1967 ዓ. ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የተቋቋሙት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፥ ማለትም ቀበሌዎች፥ መጀመሪያ የቤት ኪራይ የሚሰበስቡና የሰፈር ክርክር የሚዳኙ ነበሩ። እነዚሁ ቀበሌዎች ጥቂት ቆይተው መሣሪያ ይዘው ቤት ለቤት የሚፈትሹ፥ የሚያስሩና የሚገድሉ ሆኑ። ኢሕአፓም በከተማ ውስጥ ሰው ገድሏል፤ መኢሶን በፊት ከደርግ ጋር ቆሞ ኋላ ራሱ ታድኗል። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ እንዴት እንደ ተነሣ ያልተረዳ ተማሪ፥ ይህን ሁሉ ያደረገው አንድ ክፉ ሰው ነው፥ እርሱም ሄዷል ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ሁለተኛው ጉድለት ከሙዚየሙ ውጭ፥ በከተማይቱ ውስጥ ነው። ከርቸሌ የሚባለው የዋናው ወህኒ ቤት አንዱ ክፍል ዓለም በቃኝ ይባል ነበር። ቃሉ የመነኮሳት ነው፤ ወድዶ ዓለምን የናቀ ሰው የሚናገረውን ሕዝቡ ሳይወድ ለገባው እስረኛ አዋሰው። በዚያ ወህኒ ቤት በፋሺስት ወረራ ዘመን ኢትዮጵያውያን ታጉረዋል፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ. ም. ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ጭምር 60 የሚያህሉ ባለ ሥልጣኖች ያለ ፍርድ ተረሽነዋል። ኋላ ግንቡ ፈርሶ በቦታው በ2004 ዓ. ም. የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ተመረቀ። ኅብረቱ በግቢው ለሰብአዊ መብት መታሰቢያ እንዲቆም ማሰቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን መታሰቢያው ሊያሳየው ይችል የነበረው ግድግዳ አስቀድሞ ጠፍቷል። የጆሃንስበርግ ሰዎች ሌላ መንገድ መርጠዋል። በ1996 ዓ. ም. የተከፈተውን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤታቸውን በአሮጌው ወህኒ ግቢ ሲሠሩ፥ የፈረሰውን ክፍል ጡብ በችሎቱ አዳራሽ ግድግዳ ውስጥ አስገብተውታል፤ ዳኛው የሚፈርደው እስር ቤቱን እያየ ነው።

የከርቸሌ እስረኞች ግን ወደ ደቡብ፥ ወደ ቃሊቲ ተዛወሩ። ወህኒ ቤት መባሉ ቀርቶ ማረሚያ ቤት ተባለ። ስሙ ቢለወጥም በ1998 ዓ. ም. የቅንጅት መሪዎች፥ ከዚያም በኋላ ጋዜጠኞች ቃሊቲ ታስረዋል። በ2004 ዓ. ም. የወጣት ጸሐፊዎች ቡድን፥ የቃሊቲ ዞኖች ስምንት ናቸውና ዘጠነኛው አገሪቱ ራሷ ናት በማለት ራሱን «ዞን ዘጠኝ» ብሎ ሰየመ። በዚሁ ክፍለ ከተማ በሚገኘው በቂሊንጦ በነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ. ም. በተነሣው ቃጠሎ፥ መንግሥት እንደ ገለጸው፥ 23 እስረኞች ሞተዋል።

እንግዲህ የአቃቂ ቃሊቲ ተማሪ ወደ ሙዚየሙ ሲሄድ እስረኞቹ በመጡበት መንገድ ወደ ኋላ ይጓዛል። መምህሩ ይህን ሳይነግረው ቢቀር፥ ልጁ ክፉው ዘመን በመስተዋት ውስጥ ተቆልፎ የቀረ ይመስለዋል። ይህ ማለት ያ ዘመንና ከዚያ በኋላ የሆነው አንድ ነው ማለት አይደለም፤ በቀን መቶዎች የተገደሉበት ጊዜ ከሌላው ጋር ተስተካክሎ ሊመዘን አይገባም። ነገር ግን ሰው በምን ሕግ እንደሚታሰር፥ በስንት ቀን ዳኛ ፊት እንደሚቀርብ፥ ቤተ ሰቡ በምን መንገድ እንደሚጠይቀው ተማሪው ከሰፈሩ ሳይወጣ ሊማረው የሚችል ጉዳይ ነው። ትምህርቱ ከዚህ ቢጀምር በመስቀል አደባባይ የሚያየው ፎቶግራፍ የሟች መልክ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ጥያቄ ይዞለት ይመለሳል።