ቁጥሩ ቀርቶ ክፍተቱ ሲጠፋ፦ የመጽሐፍ ቅዱስ ግጥም በድረ ገጽ

መጽሐፍ ቅዱስን ከድረ ገጽ ማንበብና መገልበጥ የብዙ አገልጋዮች የዕለት ልማድ ሆኗል። ቃሉ በዚህ መጠን መቅረቡ በረከት ነው። ይሁን እንጂ ጥቂት የማይባሉ ገጾች ቃላቱን በጥንቃቄ ጠብቀው የቃላቱን አቀማመጥ ይጥላሉ። ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም፤ በግጥም ክፍሎች ባዶ ቦታም ትርጉም ይሸከማልና።

ሰቆቃወ ኤርምያስ ምዕራፍ 3ን ተመልከቱ። የምዕራፉ 66 ቁጥሮች በ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ቅደም ተከተል ሦስት ሦስት ሆነው ተደርድረዋል። ከቁጥር 22 እስከ 24 ያሉት ሦስቱም በ«ሔት» ስለሚጀምሩ አንድ አንጓ ናቸው። በትርጉም ፊደሉ ስለማይታይ፣ ግጥሙን በግጥም ቅርጽ የሚያትሙ ብዙ እትሞች ከየሦስቱ ቁጥር በኋላ ባዶ መስመር ይተዋሉ። ያ መስመር ሲጠፋ አንጓው የት እንደሚያበቃ የሚነግረን የለም። ስብከታችንም ብዙ ጊዜ ቁጥር 23 ላይ ይቆማል። የእግዚአብሔርን ታማኝነት እናውጃለን፤ በፍርስራሽ መካከል ሆና እርሱን ድርሻዋ ያደረገችውን ነፍስ ምላሽ ግን እንተወዋለን። ግማሽ አንጓ ሰብከን እንወርዳለን።

የጥፋቱ መንገድ ቀላል ነው። ብራውዘር በኤችቲኤምኤል ጽሑፍ ውስጥ የሚያገኛቸውን ተከታታይ ክፍት ቦታዎችና አዲስ መስመሮች፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ እንደ አንድ ክፍት ቦታ ይቆጥራቸዋል። አዘጋጁ ግጥሙን በየመስመሩ ቢጽፈውም ገጹ ላይ እንደ ስድ ንባብ ይፈስሳል። መፍትሔውም አይከብድም፦ መስመሩንና አንጓውን በግልጽ ምልክት መለየት፣ ወይም ክፍተቱ እንዲጠበቅ በሲኤስኤስ ማዘዝ ይቻላል።

«አቀማመጡ እንደ ቃሉ በመንፈስ የተሰጠ አይደለም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የጥንት ቅጂዎችም በክፍተቶቻቸው ሁልጊዜ አይስማሙም። ነገር ግን በዚያው ሚዛን ቁጥሮቹም ይመዘኑ። የአዲስ ኪዳን የቁጥር አከፋፈላችን የመጣው ሮበርት ኤስቲየን እ.ኤ.አ. በ1551 ካሳተመው እትም ነው። በአንጻሩ በቁምራን የተገኘው ታላቁ የኢሳይያስ ጥቅልል ከክርስቶስ ልደት በፊት የተገለበጠ ሲሆን፣ ሐሳብ የሚለወጥበትን ስፍራ በክፍተት ያሳያል። አይሁድ ጸሐፍትም በኦሪት ጥቅልል ላይ የዘጸአት 15ን መዝሙር እስከ ዛሬ እንደ ጡብ ግንብ፣ ቃልና ክፍተት እያፈራረቁ ይጽፉታል። ገጾቻችን እንግዲህ ዘግይቶ የመጣውን ቁጥር ጠብቀው ከእርሱ የሚቀድመውን ልማድ ጥለዋል።

ስለዚህ፣ ውድ አገልጋዮች፣ ከድረ ገጽ የገለበጣችሁትን ክፍል ለስብከት ከማዘጋጀታችሁ ወይም በፕሮጀክተር ከማሳየታችሁ በፊት በግጥም ቅርጽ ከታተመ እትም ጋር አስተያዩት። የቤተ ክርስቲያናችሁን ድረ ገጽ ለሚያዘጋጁትም ይህን አስረዷቸው። ጉባኤው ገጣሚው ያረፈበት ስፍራ ላይ እንዲያርፍ መርዳት የቃሉ አገልግሎት አካል ነው።