ስብሰባው የእኛ፣ ምሳሌው የሰው

የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር ተጠቃሚዎች በየከተማው እየተሰበሰቡ የሚማማሩበት ልማድ ወደ እኛም አካባቢ ከደረሰ ሰንበት ብሏል። መምህራንና ተማሪዎችም የሚካፈሉበት ጊዜ ስላለ፣ ስለ ስብሰባዎቹ ጥቅምና ጉድለት በዚህ መጽሔት መወያየት ተገቢ መስሎ ታይቶናል። የምንተቸው አንድን ቡድን ለይተን አይደለም፤ በተካፈልንባቸው ስብሰባዎች ሁሉ የተመለከትነውን የጋራ ልማድ ነው።

ምስጋናውን እናስቀድም። የሶፍትዌር ተጠቃሚዎች ጉባኤ ዛሬ የተፈጠረ ነገር አይደለም፤ «ሳስ» የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ተጠቃሚዎች የመጀመሪያ ጉባኤያቸውን ያደረጉት በ1976 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ግዛት፣ በኪሲሚ ከተማ ነበር። እኛ በተካፈልንባቸው ስብሰባዎች በብዛት የሚታየው ግን በእንግሊዝኛው 18ኛ ፊደል ብቻ የሚጠራው ሶፍትዌር ነው። ይህን ሥራ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የጀመሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን የተባሉ፣ በኒውዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። ከ1995 እ.ኤ.አ. ወዲህ ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲገለገልበት፣ ውስጡን እንዲመለከትና እንዲያሻሽል ተፈቅዷል። እንዲህ ያለ ክፍያ የሚገኝ መሣሪያ ቤት ድረስ መጥቶ የሚያስተምር ሻጭ የለውም፤ ስለዚህ አንዱ ተጠቃሚ ለሌላው መምህር መሆን ይኖርበታል። ወጣቶቹ የዕረፍት ቀናቸውን ሠውተው ያወቁትን ለሌላው ማካፈላቸው በእውነት የሚያስመሰግን ነው።

ታዲያ ጉድለቱ ምን ላይ ነው? ምሳሌው ላይ ነው። አቅራቢው ሶፍትዌሩን ሲያሳይ ዘወትር የሚጠቀመው ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ በመጣ መረጃ ነው። አንደኛው ኤድጋር አንደርሰን የሰበሰበውና የስታቲስቲክሱ ሊቅ ፊሸር በ1936 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የ150 አበቦች ልኬት ነው። ሁለተኛው ከአንድ የአሜሪካ መጽሔት በ1974 እ.ኤ.አ. የተወሰደ የ32 መኪናዎች መዝገብ ሲሆን፣ የነዳጅ ፍጆታው የተለካው በኪሎ ሜትርና በሊትር ሳይሆን በማይልና በጋሎን ነው። በሁለቱም መዝገቦች አንድ እንኳ ባዶ ቦታ የለም። ትእዛዙ ይጻፋል፣ ሥዕሉ በቀለም አጊጦ ይወጣል፣ ጭብጨባ ይከተላል፤ ጥያቄ ካላችሁ ሲባል ግን አዳራሹ ጸጥ ይላል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም እንደሚባለው፣ አይቶት የማያውቀውን መኪና ተማሪው ምን ብሎ ይጠይቅበት?

ነገሩ የስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተቸን ነበር። ዋናው ችግር ግን ሥራው የሚሰናከልበት ቦታ በእነዚህ ንጹሕ ምሳሌዎች ውስጥ አለመታየቱ ነው። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ያለውን የተማሪዎች መዝገብ እንውሰድ። ቀኑ የተጻፈው በእኛው ዘመን አቆጣጠር ነው፤ ሶፍትዌሩ ግን ካልተነገረው በቀር የሚያውቀው የአውሮፓውያንን ብቻ ነው። ጥቅምት 30 ቀን በቁጥር ሲገባ ሁለተኛው ወር ስለሆነ ሶፍትዌሩ ፌብሩዋሪ 30 ብሎ ይወስደዋል፤ እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ ቦታውን ባዶ ያደርገዋል። ጳጉሜም 13ኛ ወር በመሆኗ ጨርሶ አይቀበላትም።

ይህስ በዓይን ስለሚታይ ይታረማል። የባሰው ሶፍትዌሩ በዝምታ የሚቀበለው ነው። ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 1 ቀን 2015 ዓ.ም. 30 ቀን መሆኑን ሕፃን ልጅ ያውቃል፤ ሶፍትዌሩ ግን ከፌብሩዋሪ 1 እስከ ማርች 1 አድርጎ ስለሚቆጥረው 28 ቀን ይላል። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ የልደት ቀን ከኮምፒዩተሩ የዛሬ ቀን ጋር ሲነጻጸር ደግሞ በዕድሜ ላይ 7 ዓመት ከ8 ወር ያህል ይጨመራል። የ14 ዓመቷ ልጅ የ21 ወይም የ22 ዓመት ሴት ሆና ትወጣለች። በዚህ መዝገብ ተመርቶ ስንቱ ተማሪ ዕድሜው ያለፈበት ተብሎ ሊቈጠር እንደሚችል ልብ ይሏል።

በስምም በኩል እንዲሁ ነው። አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ቢጽፍ እኛ አንድ ልጅ መሆኑን እንረዳለን፤ ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው ሁለት ልጆች ናቸው። የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ሰዎችን በየቤቱ የሚመድብ ሥራም አባትና ልጅን ለያይቶ ያስቀምጣል፤ የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ስም ነውና። ይህን ከአበቦቹና ከመኪናዎቹ ልንማር አንችልም።

ለጀማሪ ቀላልና ንጹሕ ምሳሌ ያስፈልገዋል የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። እውነት ነው፤ እኛም በክፍል ውስጥ ከቀላሉ ነው የምንጀምረው። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚቆም መምህር አስተማረ አይባልም። አበቦቹ ለመጀመሪያው ስብሰባ ይበቃሉ፤ በአምስተኛውም ላይ ካየናቸው ግን ቡድኑ የአካባቢ ቡድን የሚያሰኘው አዳራሹ ብቻ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ለአዘጋጆች የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በየስብሰባው አንድ አባል ከገዛ ሥራው የተሰናከለበትን መዝገብ ይዞ ይምጣ፤ ከጤና ጣቢያ፣ ከገበያ ዋጋ፣ ከዝናብ ልኬት ሊሆን ይችላል። የሰዎች መዝገብ ከሆነ ስማቸውና ማንነታቸውን የሚገልጸው ሁሉ አስቀድሞ ይውጣ፤ የተማሪን ውጤት በአደባባይ ማሳየት ነውር ነው። ከዚያም መፍትሔው በጋራ ይፈለግ፤ የተገኘውም በአማርኛ ተጽፎ ለሚቀጥለው ይቆይ።

የሒሳብ መምህራንና ተማሪዎችም የስብሰባውን ቀን መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ጥቅምት 30ን፣ ጳጉሜ 3ንና ሁለቱን የ«ኃይሉ» አጻጻፎች በትምህርት ቤታቸው ኮምፒዩተር አስገብተው የሚሆነውን ይመልከቱ። ያገኙትንም ይዘው ወደ ስብሰባው ይሂዱ፤ ያን ጊዜ ጥያቄ ካላችሁ ሲባል የሚነሣ እጅ አይጠፋም።