ግንብም ምርጊት ይፈልጋል

መስከረም ሲጠባ በወሎ ቦረና ገጠር የሴቶች እጅ ጭቃ ይሆናል። ክረምቱ ያጠበውን ግድግዳ ጭድ በገባበት ጭቃ ይመርጉታል፤ ወለሉን በእበት ይለቀልቁታል። እናቴ ጭቃውን ቀናት አሳድራ ነበር የምትመርግበት። እኔ ጭድ እየበተንኩ፣ እሷ በእግሯ እየረገጠች፣ «ሳይብላላ ከለጠፍከው ክረምት ይገፈዋል» ትለኝ ነበር። ዛሬ መካነ ሰላም ላይ በልስንና በእድሳት ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። የምለስነው በሲሚንቶና በታጠበ አሸዋ ነው። ያረጀ ግድግዳ ፊት ስቆም ግን አሁንም ትዝ የሚለኝ ያ ጭቃ ነው።

አርማታ ወደ አገራችን ሲገባ ሰው የወደደለት እንደ ድንጋይ መክረሙን ነው። በየዓመቱ መርገጥ፣ መምረግ፣ መለቅለቅ ቀረ ተባለ። ሥራ ቦታ ላይ ከምንጠራቸው ስሞች ብዙዎቹ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፦ አርማታ፣ ሶሌታ፣ ሊሾ፣ ካሪዮላ። ቃሉ ከነዕቃው መጣ፤ ለመድነውም። ክረምት በወጣ ቁጥር ግድግዳን የመዳበስ ልማዳችን ግን ከጭቃው ጋር ቀረ። በ1950ዎቹ ስለተሠሩት ዘመናዊ ሕንፃዎች ይፍረሱ፣ አይፍረሱ እያልን የምንከራከረው ክርክር መነሻው ይህ ይመስለኛል።

አዲስ አበባ ስገባ ሳላየው የማልመለሰው ሕንፃ የአፍሪካ አዳራሽ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ እንዲሆን ያሠሩት ነው። የነደፈው አርቱሮ ሜዜዲሚ፣ አሥመራ ላይ በሙያው የበሰለ ጣሊያናዊ አርክቴክት ነበር። በ18 ወር ተሠርቶ አልቆ በ1953 ዓ.ም. ተከፈተ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው እዚያው ውስጥ ነው። መግቢያው ላይ የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል አለ፤ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል ያሳያል። ከቸርችል ጎዳና ራስ ላይ ያለው የከተማው ማዘጋጃ ቤትም የሜዜዲሚ ንድፍ ነው።

የአዳራሹ እድሳት የተመረቀው ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ከፈቀደው ብንቆጥር ዘጠኝ ዓመት ወስዷል፤ ወጪው 57 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በ18 ወር ለቆመ ሕንፃ ዘጠኝ ዓመት ሲሉት የሚገረም ሰው ብዙ ነው። እኔ አልገረመኝም። የውጭውን ግድግዳ የሚያለብሱት ትናንሽ የሞዛይክ ጠጠሮች 13 ሚሊዮን ገደማ ናቸው፤ በቀድሞው ቀለማቸው ልክ እንደገና ተሠርተው ነው የተተኩት። ቀለም ማመሳሰል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ዝም ይላል። እርጥብ ልስን ጠቆር ብሎ ይታያል፣ ሲደርቅ ይነጣል። የአንዱ ወንዝ አሸዋ ቢጫ ያወጣል፣ የሌላው ግራጫ። እኔ አንዲት ክንድ ለምታህል ቁራጭ ግድግዳ አራት ዓይነት ናሙና ለጥፌ፣ ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ እየሄድኩ አይቻለሁ፤ የጠዋት ብርሃን ያስማማውን የማታው ያጣላዋል።

እነዚህን ሕንፃዎች የሚጠላ ሰው አለ። ጣሪያቸው ጠፍጣፋ ነው፣ መልካቸው የእኛ አይደለም፣ ሳጥን ናቸው ይላል። ይህን ቅሬታ አልንቀውም፤ ጠፍጣፋ ጣሪያ የክረምት ዝናብ በሚወርድበት አገር ዕዳ መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ክርክሩ የእኛ ብቻም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የቦስተን ከተማ ማዘጋጃ ቤት እ.ኤ.አ. በ1969 በጥሬ ኮንክሪት ተሠርቶ ሲከፈት ብዙ ሰው ጠልቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ከንቲባው ቶማስ ሜኒኖ ተሽጦ ሌላ ይሠራ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ2025 ያው ከተማ ሕንፃውን ቅርስ ብሎ መዘገበው። ሰው የሚጠላውን ሕንፃ ቀረብ ብዬ ባየሁ ቁጥር የማገኘው ግን ውሃ ያወረዛው ግድግዳ፣ የተዘጋ አሸንዳና የዛገ ብረት ነው። መጀመሪያ የተጠላው ቅርጹ ይሁን እድፉ፣ ሳይታጠብና ሳይጠገን እንዴት ይለያል?

አርማታ የሚታመመው ከውስጥ ነው። ጤነኛ ሲሚንቶ ብረቱን ከዝገት ይጠብቀዋል። አየሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ እያለ ሲሚንቶው ውስጥ ሲሰርግ ያ ጥበቃ ይደክማል። ከዚያ ውሃ በስንጥቁ ይገባል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ የዛገ ብረት ደግሞ ያብጣል። ሲያብጥ ከላዩ ያለውን ልስን ገፍቶ ይጥለዋል። ስለዚህ እድሳት ስጀምር ቀለም አልነካም፤ የመዶሻዬን እጀታ ይዤ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ አንኳኳለሁ። የያዘው ቦታ ደረቅ፣ አጭር ድምፅ ይሰጣል። የለቀቀው እንደ ባዶ ቅል ያስተጋባል። ባዶ የጮኸውን በከሰል እከበዋለሁ። አንድ ግድግዳ ላይ ክቡ ሲበዛ ጠጋ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋለሁ፤ አንዳንዴ ከኋላው አሸዋ ሲንሸራተት ይሰማኛል።

ይህን ሁሉ ሳላውቅ ያጠፋሁት አለ። ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ ከተማ የቆየ መሥሪያ ቤት እንዳድስ ተቀጥሬ ነበር። የንጉሡ ዘመን ቤት ነው፤ ከበሩ በላይ ስስ የአርማታ ጥላ ወጥቶለታል፣ ኮሪደሩ ቴራዞ ነው። ኃላፊዎቹ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ፈለጉ። ቴራዞው በሁለት ቦታ ብቻ ነበር የተሰነጠቀው። ማሽን አምጥቼ ብፍቀው መስታወት ይሆን ነበር፤ እኔ ግን ሴራሚኩ እንዲይዝ ብዬ በመሮ በሳሳሁት። ስመታው ከሲሚንቶው ውስጥ ነጭና ቀይ የእብነ በረድ ፍንካች ብልጭ ብልጭ ይል ነበር። የሆነ ሰው ያንን ፍንካች መርጦ፣ አደላድሎ፣ በእጁ እየፋቀ ነው ያወጣው። ሥራውን እያየሁ አጠፋሁት። ሴራሚኩ በአራተኛው ዓመት መነሳት ጀመረ።

ያው ስህተት በተገላቢጦሽ መካነ ሰላም ውስጥ በየሰፈሩ ይታያል። 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለነው፤ ቀን ፀሐዩ ያከስላል፣ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ግድግዳውም ይለጠጣል ይኮማተራል። ጭቃ ይህን ይችለዋል። ሰው ግን ጥሩ የጭቃ ቤቱን ዘመናዊ ይሁን ብሎ በሲሚንቶ ያስለስነዋል። ሲሚንቶው ደረቅ ነው፣ ከጭቃው ጋር አብሮ አይሄድም። ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይገባል፣ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ጭቃውን ከውስጥ ያሟሟዋል። በሁለት ክረምት ውስጥ ልስኑ እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣብኝ አልቀበልም፤ በጭቃ አስመርጉት፣ ከፈለጋችሁ ከላዩ ኖራ ቀቡት እላለሁ። ብር ያጣሁበት ጊዜ አለ።

አምና ሌላ መሥሪያ ቤት ጠራኝ። ፎቁ ያረጀ የአርማታ ቤት ነው፣ በአልሙኒየም እንዲሸፈን ታስቧል። አንድ ቀን ሙሉ አንኳኩቼ የከበብኩትን ለኃላፊው አሳየሁት። ከግድግዳው ከአምስት አንዱ እንኳ አልለቀቀም ነበር። በአልሙኒየም ብንሸፍነው ዝገቱ ከኋላው ተደብቆ ይቀጥላል፤ ማንም አያየውም አልኩት። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ የለቀቀውን ብቻ አንስተን፣ ብረቱን ፍቀን፣ በቀድሞው ድብልቅ መለስነው። ውሉ ላይ አንድ መስመር እንዲገባ ለመንኩ፦ ክረምት በወጣ ቁጥር መጥቼ ጣሪያውን አያለሁ።

ዘንድሮ መስከረም ረዳቴን ይዤ ሄድኩ። ልጁ ግድግዳውን ሲያንኳኳ እኔ በመሰላል ሶሌታው ላይ ወጣሁ። በአንዱ ጥግ ውሃ ተኝቷል። እጄን ፍሳሽ መውረጃው ውስጥ ከትቼ ስስብ የበሰበሰ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተያይዞ ወጣ። «ጋሼ፣ ይሄኛው ደህና ነው!» አለ ልጁ ከታች። ቅጠሉ ሁለት ባልዲ ሞላ፤ የተኛውም ውሃ እየተንጎራጎረ መውረድ ጀመረ።