የባሮ ዓሣና የጎርፉ ወራት

በጋምቤላ የዓሣ ሀብት ሥራ ላይ አዲስ የሚመደብ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ የመረብ ዓይን ማለትም የአንዱ ቀዳዳ ስፋት ስንት ሆኖ ይፈቀድ የሚለውን ነው። ጠባብ ዓይን ያለው መረብ በጫሞ ሐይቅ ናይል ፐርች ላይ ያደረሰው ጉዳት ስለሚታወቅ ጥያቄው ያለ ምክንያት አልተነሣም። ሆኖም በባሮ፣ በጊሎ፣ በአልዌሮና በአኮቦ የዓሣውን ብዛት ከመረቡ አብልጦ የሚወስነው ጎርፉ ነው።

ባሮ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ በሚወርደው የክረምት ዝናብ ሞልቶ፣ በነሐሴና በመስከረም ከጋምቤላ ከተማ በታች በኢታንግ በኩል ዳርቻውን ጥሶ የሣር ሜዳውን ያጥለቀልቃል፤ በ1902 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል በተደረገው ስምምነት መሠረት ወደ ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ይመጡ የነበሩት የሱዳን መርከቦችም በውኃው ሙላት ወራት ብቻ ነበር የሚደርሱት። ብዙው የዓሣ ዝርያ ውኃውን ተከትሎ ወደ ሜዳው ይወጣል፣ በዚያም ይራባል፤ ውኃው በጥቅምትና በኅዳር ሲሸሽ ጫጩቶቹ በጠባብ ቦዮች ወደ ወንዙ ይመለሳሉ። የውኃ ሥነ ምኅዳር ተመራማሪው ቮልፍጋንግ ዩንክና ባልደረቦቹ በ1989 እ.ኤ.አ. ይህንን የውኃ መውጣትና መመለስ የጎርፍ ምት ብለው፣ የወንዝና የሜዳ ሕይወት ዋና አንቀሳቃሽ አድርገው አቀረቡት።

ስለዚህ አንድ የዓይን ልክ ለሁሉም መደንገግ በባሮ ውኃ አይሠራም፤ ለናይል ፐርች የሚመች መረብ አድገው መዳፍ የማያክሉትን ዝርያዎች ሁሉ ያሳልፋል፣ ለእነርሱ የሚሆነው ደግሞ የናይል ፐርችን ጫጩት ይይዛል። ደንቡ በቅድሚያ የሚጎዳው በትንሽ መረብ ቤተሰቡን የሚመግበውን አስጋሪ ነው። ይልቁንስ በኅዳር የቦዩን አፍ ከዳር እስከ ዳር የሚዘጋ መረብ፣ ዓይኑ ጠበበም ሰፋ፣ መከልከል አለበት። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ጥቅል ማዕቀፍ በመሆኑ፣ ይህን ለአካባቢው በሚስማማ ዝርዝር መደንገግ የክልሉ ሥራ ነው። በአቦቦ የሚገኘው የአልዌሮ ግድብም በዚሁ ዓይን ይመዘን፤ በሐይቁ ውስጥ ቆሮሶ ቢሰገርበትም፣ የያዘው ውኃ ከታች ላለው ሜዳ ሳይደርስ የሚቀር ውኃ ነው።

ሌላው ጉዳይ ከውኃ ከወጣ በኋላ የሚጠፋው ዓሣ ነው፤ በቆላው ሙቀት ያለ በረዶ አንድ ቀን አይቆይምና። አስጋሪው አምባዛውን በጀርባው በኩል ሰንጥቆ ሆድ ዕቃውን ካወጣ በኋላ ወፍራሙን ሥጋ ደጋግሞ ይተለትላል፣ ጨው ያሸዋል፣ ከእንጨት በተሠራ ቆጥ ላይም ያሰጣል። እርጥብ ሳለ ዝንብ ይጥልበታል፤ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ጥንዚዛ ውስጡን ቦርቡሮ ዱቄት ያደርገዋል። ቆጡን ከመሬት ከፍ ማድረግ፣ በወንፊት ጨርቅ መሸፈንና ጭስ ማስገባት አንድም ተጨማሪ መረብ ሳይጣል የአስጋሪውን ገቢ ስለሚጨምር፣ ለዓሣ ሀብት የሚመደብ ገንዘብ ከሞተር ጀልባ በፊት እዚህ ላይ መዋል አለበት።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሙያውን የሚወድደው፣ የውኃውን ቀለምና የሣሩን ዝንባሌ አይቶ ዓሣው የሚመለስበትን ቦይ ለይቶ ከሚያውቀው የአኙዋክና የኑዌር አስጋሪ የሚማርበት በመሆኑ ነው። ክፍት የሚቆዩትን ቦዮች መምረጥም በየቀበሌው ለእነዚሁ አስጋሪዎች ሊሰጥ ይገባል፤ ምርጫውም ውኃው መሸሽ ከመጀመሩ በፊት፣ በመስከረም ውስጥ መጠናቀቅ አለበት።